እንደ ወትሮዎ ያስተምሩ

ሊሙ ገነት
ጥቅምት 18 ቀን 2017

ውድ ልጄ ጵርስቅላ፣

የጌታ ሰላም ይብዛልሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጥሩአየሁ ደህና ናት፤ ዶሮዎቹም ከአንዷ በቀር ደህና ናቸው። ጥሩአየሁ ባለቤቴ መሆኗን ላንቺ መንገር አያስፈልግም ነበር። ደብዳቤዎቻችን ከጥናትሽ ጀርባ በአባሪነት ይጠረዛሉ ስላልሽኝ የማያውቀን አንባቢ እንዳይቸገር ብዬ ነው። ያው አንባቢ እኔ ታመነ ላምቤቦ እንደምባል፣ ሊሙ ገነት ላይ ሥዕል ሳስተምር ሠላሳ አንድ ዓመት እንደሞላኝ፣ በሰኔ ጡረታ እንደምወጣና አንቺንም ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ እርሳስ ያስያዝኩሽ እኔ እንደሆንኩ ይወቅልኝ።

ጥያቄሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አንቺ ጅማ ኮሌጁ ውስጥ ያሉትን ሃያ አራት የሥነ ጥበብ ዕጩ መምህራን በአዲስ የማስተማሪያ ሞዴል ታስተምሪያለሽ። እኔ እዚህ በቅዳሜና እሁድ መርሐ ግብር የሚማሩትን ሃያ ሁለቱን «በልማዳዊው ዘዴ» አስተምራለሁ። ከስምንት ሳምንት በኋላ ሁለቱም ይፈተኑና ሞዴልሽ በትምህርት ውጤትና በአመክንዮ ማሰብ ምን ያህል እንደበለጠ ይታያል። የኔዎቹ «የንጽጽር ቡድን» ይባላሉ። ከኔ የሚጠበቀው እንደ ወትሮዬ ማስተማር ብቻ ነው።

«ልማዳዊ» የምትለዋ ቃል ሦስት ቀን እህል ከለከለችኝ። ጥሩአየሁ ምን ሆነሃል ብትለኝ ልማድ ሆኛለሁ አልኳት። እሱንማ ስንት ዓመት ስነግርህ አለችና ወጧን ማማሰል ቀጠለች።

እሺ ብያለሁ። ላንቺ ያልሆንኩ ለማን እሆናለሁ። እንደ ወትሮዬ ማለት ምን እንደሆነ በጽሑፍ ይስጡኝ ስላልሽ ይኸው፦ እንስራዬን ወንበር ላይ አስቀምጣለሁ። ሳሉ እላለሁ። ይስላሉ። ጥያቄ አለ እላለሁ። የለም ይላሉ። ደወል ይደወላል።

ሀቢቡላህ ደብዳቤዎቹን በሚኒባሱ እንዲያመላልስልን ነግሬዋለሁ። ኢንሻአላህ ብሏል፤ እሱ ኢንሻአላህ ሲል ባብዛኛው ያደርሳል። ስለ ልማድ ያልኩትን አንቀጽ አባሪው ውስጥ አታስገቢው።

አስተማሪሽ ታመነ


ጅማ
ጥቅምት 25 ቀን 2017

ለማከብርዎትና ለምወድዎት ጋሼ ታመነ፣

እንዴት ሰነበቱ? እትዬ ጥሩአየሁስ? ያቺ ያልተሻላት ዶሮስ?

አስቀድሜ ይቅርታ። ቃሉን ከመጽሐፍ ወሰድኩት እንጂ ከልቤ የወጣ አይደለም። አማካሪዬን ዶክተር ፈድሊያን «የተፈተነ ዘዴ» ብንለውስ ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። ገና ልንፈትነው አይደለም ወይ አሉኝ። እንግዲህ ልማዳዊ ሆነን እንቀጥላለን።

ስልክ አልደውልም ያልኩት ኮርቼ አይደለም። በሙከራው ጊዜ ሁለት መምህራን የሚነጋገሩት ሁሉ በጽሑፍ እንዲሆን ደንብ አለብን፤ ስለ ሞዴሉ አንድ ቃል ቢያመልጠኝ እንዲታወቅ ነው። ስለዚህ ስንት ደረጃ አለው ብለው የጠየቁኝን መመለስ አልችልም። አምስት መሆኑን እንኳ ልነግርዎ አልችልም።

ለምን እንዲህ እንደምጨነቅ ግን ልንገርዎ። ዲናችን ዶክተር ወንድወሰን የሥዕል ክፍሉን ለኮምፒውተር ይፈልጉታል። ሥዕል እጅን እንጂ ጭንቅላትን አያሠራም ባይ ናቸው። በጥር ኮሚቴ ይቀመጣል። ጥናቴ ሥዕል መማር ማሰብን እንደሚያሳድግ ካሳየ የሥነ ጥበብ ትምህርት ክፍላችን ይቀጥላል፤ ካላሳየ ከመጪው መስከረም ጀምሮ ተማሪ አይቀበልም። እኔ ሥራ ማጣቴ ይቅር፤ በዚህ ሁሉ ወረዳ ለልጅ እርሳስ የሚያስይዝ መምህር ከየት ይመጣል?

ቅድመ ፈተናው ታርሟል። ሁለቱም ቡድን ከሃምሳ ሃያ አንድ አካባቢ ናቸው። እኩል መነሳታቸው ለኔ ጥሩ ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ አስቸገረኝ። «የሊሙ ቡና ሁሉ የታጠበ ነው። የደሬሳ ቡና የሊሙ ቡና ነው። ስለዚህ የደሬሳ ቡና ምን ዓይነት ነው?» ብዬ ነበር። ደሬሳ የሚለውን እንዲያው አፌ ላይ የመጣልኝን ነው የጻፍኩት። የእርስዎ ተማሪ አያንቱ የመለሰችው ይህ ነው፦ «ደሬሳ አባቴ ነው። ቡናው ሳይታጠብ ፀሐይ ላይ የደረቀ ጀንፈል ነው። ጥያቄውን ያወጣው ሰው መጥቶ ይይ።» ዜሮ ሰጠኋት፤ እጄ ግን እሺ አላለኝም ነበር።

እባክዎ ጋሼ፣ ምንም አይለውጡ። እንደ ወትሮዎ ያስተምሩ።

ልጅዎ ጵርስቅላ ያቤፅ


ሊሙ ገነት
ኅዳር 9 ቀን 2017

ውድ ጵርስቅላ፣

ዶሮዋ ሞተች። ስለጠየቅሽ ግን ጥሩአየሁ በጣም ደስ ብሏታል።

ስንት ተማሪ ይገኛል ላልሽው፣ ያለፈው ቅዳሜ ዘጠኝ፣ በማግስቱ ስድስት። ቡናው በአንዴ ቀላ። ሥዕል ይጠብቃል፤ የቀላ ቡና አይጠብቅም። እኔ ለስድስቱም እንስራውን ወንበር ላይ አስቀምጬ ሳሉ ብያለሁ፤ ደንቡን አላጎደልኩም።

ሌላው ጉዳይ የአያንቱ አባት ኦቦ ደሬሳ ናቸው። ቡናዎ የታጠበ ተብሎ ፈተና ላይ ተጻፈ ሲሏቸው መንግሥት አዲስ መዝገብ ያወጣ መስሏቸው ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። ቁጭ አድርጌ፣ ይህ ለማሰብ ያህል የተባለ ነው እንጂ እውነት አይደለም ብዬ ላስረዳ ሞከርኩ። የሚታሰብ እውነት ሞልቶ ለምን ውሸት ያስባሉ አሉኝ። ቡናው ከተሰጣበት መጥታችሁ እዩ ብለው ሄዱ፤ አንቺንም ጭምር ጋብዘውሻል።

የቀሩት ልጆች አብዛኞቹ እሳቸው እርሻ ላይ ናቸው ይባላል። አያንቱ ዳዶ ጠርታለች። ለአባሪው አንባቢ፦ ዳዶ ማለት ዛሬ እኔ አንተ ማሳ ላይ እውላለሁ፣ ነገ አንተ እኔ ማሳ ላይ ትውላለህ ማለት ነው። ቀን በቀን ይመለሳል፤ ያልመለሰ ሰው በዚህ አገር ቀና ብሎ አይሄድም። የሚመጣው ቅዳሜ ራሴ ወርጄ ልጆቹን አባብዬ ወደ ክፍል እመልሳለሁ።

ታመነ


ጅማ
ኅዳር 24 ቀን 2017

ለጋሼ ታመነ፣

እንደምን ሰነበቱ? በዶሮዋ አዝኛለሁ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ዝም አሉኝ። ሀቢቡላህን እዚህ ጅማ መርካቶ አግኝቼው ደብዳቤ አልሰጡህም ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ ጋሽ ታመነ ሲያዩኝ መንገድ ይቀይራሉ አለኝ። ቀልድ ነው ብዬ ወስጄዋለሁ። ልጆቹን መለሷቸው ወይ?

እኔ ዘንድ ደግሞ የማይገባኝ ነገር አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከዶርም የሚጠፉ አሥራ ሁለት ተማሪዎች አሉኝ። ሰኞ ሲመጡ እጃቸው ጠቁሯል። የክፍል አለቃውን ማቲዎስን ብጠይቀው የከሰል ሥዕል ስንለማመድ ነው አለኝ። ጋሼ፣ አባቴ ከሆሳዕና መጥቶ ቡና እየለቀመ ነው ያሳደገኝ። የቡና እጅና የከሰል እጅ ይጠፋኛል?

ይብስ ብሎ የጥላ አወጣጣቸው ተለወጠ። ትናንት ጅሬን ኮረብታ ወጥተን ከተማውን ቁልቁል ሲስሉ ቆሜ አየኋቸው። እርሳሱን በቀለበት ጣት ጫፍ ከታች ወደ ላይ እያሹ ያደበዝዛሉ። በዚህ ኮሌጅ ያንን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ ለማንም አላስተማርኩትም። እኔን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።

ምን ተፈጠረ? እባክዎ ይጻፉልኝ። እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ልጅዎ ጵርስቅላ


ሊሙ ገነት
ታኅሣሥ 3 ቀን 2017

በጣም ለምወድሽ፣ ለምሳሳልሽ፣ ለማከብርሽም ልጄ ጵርስቅላ፣

ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ሥራሽ፣ ጤናሽ፣ እንቅልፍሽ፣ የቤት አከራይሽ፣ ሁሉ እንዴት ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጥሩአየሁ ደህና ናት። የቀሩት ዶሮዎች ደህና ናቸው፤ እንዲያውም አንዷ ታቅፋለች። አየሩ ደህና ነው፤ ጠዋት ጠዋት ይቀዘቅዛል፣ ቀን ይሞቃል። የሀቢቡላህ የኋላ ጎማ ፈንድቶ ነበር፤ ተቀይሯል። የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን አዲስ ኪቦርድ ገዙ። ትልቅ ነው፤ ድምፁም ትልቅ ነው።

ስለጠየቅሽኝ ጉዳይ፣ ሁሉ ሰላም ነው። ልጆቹ ተመልሰዋል። ከመሳላቸው በፊት ሲገምቱ ብታዪ፣ ማለቴ ሲቀመጡ ብታዪ፣ ደስ ይላሉ። ይህን አረፍተ ነገር መሰረዝ ነበረብኝ፤ ወረቀት ግን አለቀብኝ።

ይህ ደብዳቤ በሙሉ አባሪው ውስጥ ባይገባ ይሻላል።

ታመነ


ጅማ
ታኅሣሥ 20 ቀን 2017

ለጋሼ ታመነ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኔ ደህና አይደለሁም።

የድኅረ ፈተናው ውጤት ወጣ። የኔዎቹ ከሃምሳ ሠላሳ ስምንት፣ የእርስዎዎቹ ሠላሳ ስምንት ከግማሽ። ሦስት ጊዜ ደመርኩት። አያንቱ ለዚያች ለቡናዋ ጥያቄ ምን ብላ እንደመለሰች ልንገርዎ፦ «ከተባለው ከተነሳን የታጠበ ነው። የተባለው ግን ውሸት ነው።» ሙሉ ነጥብ ሰጠኋት፤ ከዚያ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እንዲህ የምታስብ ልጅ በልማዳዊው ዘዴ ከተገኘች የኔ ሞዴል ምን ይሠራል?

ዶክተር ወንድወሰን ውጤቱን ሰምተዋል። ልዩነት ከሌለ ሞዴሉ ከንቱ ነው፣ ኮሚቴው ብዙም አይቆይም ብለዋል። የኮምፒውተር ጠረጴዛዎቹን ልኬት አስወስደዋል።

ከዚህ ጋር አንድ ቅጽ አያይዣለሁ። «በስምንቱ ሳምንት ለንጽጽር ቡድኑ ከልማዳዊው ዘዴ ውጭ ምንም ትምህርት አልተሰጠም» ይላል። ደንብ ነው፤ ከታች ይፈርሙልኝ። ሁሉም ነገር በሥርዓቱ ይለቅ።

ጵርስቅላ


ሊሙ ገነት
ታኅሣሥ 23 ቀን 2017

ልጄ ጵርስቅላ፣

ቅጹን ሳልፈርምበት መልሼልሻለሁ። ይህን ደብዳቤ አንድም ቃል ሳታጎድዪ አባሪው ውስጥ አስገቢው።

ኅዳር 14 ቀን ልጆቹን ልመልስ ወደ ኦቦ ደሬሳ እርሻ ወረድኩ። ከኔዎቹ ጋር ያንቺዎቹ አሥራ ሁለቱ ተቀላቅለው ይለቅማሉ። ማቲዎስ ለካ የአያንቱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጓደኛ ነው፤ ዳዶ ስትጠራ ጓደኞቹን ይዞ መጣ። ዳዶ ነውና የኔዎቹ ላንቺዎቹ ቀናቸውን መመለስ አለባቸው። ያንቺዎቹ ደግሞ የሚለቀም ቡና የላቸውም። በምን እንመልስላችሁ ሲሏቸው ማቲዎስ፣ ጋሽ ታመነ ጥላ የሚያወጡበትን አሳዩን አለ። ኦቦ ደሬሳ የማስተማር ቀን እንደ ለቀማ ቀን ይቆጠራል ብለው ፈረዱ። ስለዚህ እስከ ምሳ ይለቅማሉ፤ ከምሳ በኋላ ዛፍ ሥር ተቀምጠው የኔዎቹ ያስተምራሉ።

ያንቺዎቹ ግን ዝም ብለው አይማሩም። ያያሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ይገምታሉ፣ ይሞክራሉ፣ ከዚያ ተነስተው ያስረዳሉ። የኔዎቹ ምን ሆናችሁ ነው እንዲህ የምትነዘንዙን ቢሏቸው፣ ይሄ ሞዴል ይባላል አሏቸው። በሁለተኛው ቅዳሜ የኔዎቹም ይነዘንዙ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን፣ በቃ፣ ተበተኑ ማለት ነበረብኝ። ልናገር አፌን ስከፍት አያንቱ ቀድማ እጇን አወጣች። «ጋሼ፣ በእርስዎ ሥዕል ላይ ጥላው ሁልጊዜ በግራ የሆነው ለምንድን ነው?»

ጵርስቅላ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ጥያቄ አለ ብያለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት የለም ብለውኛል። ገብቷቸው ይመስለኝ ነበር። ጥላው በግራ የሆነው የክፍላችን መስኮት በቀኝ ስለሆነ ነው፤ እንስራውን አንድ ቀን እንኳ ቦታ ቀይሬው አላውቅም። ይህን ስነግራት ልጆቹ ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ፣ ከዚያ እንባዬ መጣ። ትቢያ ገባብኝ አልኳቸው። በማግስቱ እንስራውን ደጅ አወጣሁትና ጥላው ሲዞር እስከ ቀትር ስንከተለው ቆየን። ይህንንም ልማዳዊ አትዪው።

አንድ ቅዳሜ ብቻ ልስማቸው አልኩ። ከዚያ ሌላ አንድ። ጥናትሽን እንደማበላሽ እያወቅሁ ነው ያበላሸሁት፤ ደስታ አሳበደኝ። ይቅርታ ብል ቃሉ ያንሳል። በሰኔ በክብር ሊሸኙኝ ነበር፤ አሁን በምን እንደሚሸኙኝ እንጃ፤ ለሱም ግድ የለኝም። ላንቺ ክፍል መዘጋት ምክንያት ከሆንኩ ግን ለራሴ ይቅርታ አላደርግም።

ታመነ


ጅማ
ታኅሣሥ 26 ቀን 2017

ለአቶ ታመነ ላምቤቦ
ሊሙ ገነት

ጉዳዩ፦ ያልተፈረመ ቅጽ መድረሱን ስለማሳወቅ

በታኅሣሥ 23 ቀን 2017 የጻፉት ደብዳቤ ደርሶኛል። የስምንት ሳምንት ሥራዬ በለቀማ ማለቁን ተረድቻለሁ። በጠየቁት መሠረት ደብዳቤው አባሪ ሰባት ሆኖ ተያይዟል። ኮሚቴው ጥር 13 ይቀመጣል።

ከሰላምታ ጋር
ጵርስቅላ ያቤፅ
መምህርት

ግልባጭ፦ ለወ/ሮ ጥሩአየሁ
(እንዲያውቁት)


ጅማ
ጥር 14 ቀን 2017

ጋሼ፣ አባቴ፣

ያን ደብዳቤ ይቅደዱልኝ። ግልባጩ ከደረሳቸው ወዲህ እትዬ ጥሩአየሁ እንዳኮረፉዎ ሀቢቡላህ ነገረኝ። ለሱም ይቅርታ። ተናድጄ ነበር፤ በእርስዎ ላይ የምናደድበት ሌላ መንገድ ስለማላውቅ ከሰላምታ ጋር አልኩ።

ትናንት ኮሚቴው ተቀመጠ። ዶክተር ወንድወሰን ሁለት ሰዓት ተናገሩ። ቡድኖቹ እኩል ናቸው፣ ስለዚህ ሞዴሉ አይጠቅምም፣ ስለዚህ ክፍሉ ይዘጋ። መሃል ላይ ሦስት እጅ ተነስቶ ነበር፤ አላዩትም። ሲጨርሱ ዶክተር ፈድሊያ፣ አባሪ ሰባትን አንብቢ አሉኝ። ቆሜ አነበብኩ። የለም ብለውኛል የሚለው ጋ ስደርስ ወረቀቱን ለዶክተር ፈድሊያ አቀበልኳቸው፤ የቀረውን እሳቸው ተቀብለው አነበቡልኝ።

ዶክተር ወንድወሰን፣ እንግዲያው ልጆቹን ያሻሻላቸው ቡና ለቀማ ነው አሉ። ዶክተር ፈድሊያ፣ ቡናውማ አምናም ተለቅሟል አሉና ፈተናውን ስናዘጋጅ የሞከርንባቸውን የአምናዎቹን ዕጩ መምህራን ውጤት አወጡ። ያንኑ ፈተና በዚያው ወቅት ተፈትነው በስምንት ሳምንት የጨመሩት ሁለት ነጥብ ነው። የዘንድሮዎቹ አሥራ ሰባት ጨምረዋል፤ ሁለቱም ቡድን። ያለ እርስዎ ደብዳቤ ያ ቁጥር ትርጉም አልነበረውም።

ክፍሉ አልተዘጋም፣ ጋሼ። አንድ ዓመት ሰጥተውናል። ጥናቱ ይደገም፤ የንጽጽር ቡድኑ ግን ከሙከራው ቡድን ጋር ፈጽሞ የማይገናኝ ይሁን ብለዋል።

ስለዚህ ሁለት ነገር ልለምንዎ። የተማረውን ለጓደኛው የማይነግር ሃያ ተማሪ የሚገኝበት ቦታ ያፈላልጉልኝ። ጡረታዎን ደግሞ አንድ ዓመት ያራዝሙና እንደ ወትሮዎ ያስተምሩልኝ።

ልጅዎ ጵርስቅላ


ሊሙ ገነት
ጥር 18 ቀን 2017

ውድ ልጄ ጵርስቅላ፣

ደብዳቤሽን ለጥሩአየሁ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ኩርፊያውን ትታ መናገር ጀመረች፤ አሁን ደግሞ አላቆም ብላለች። አልተዘጋም የሚለውን ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ። ኦቦ ደሬሳም ገለቶሚ፣ ማለትም ተመስገኚ፣ በልልኝ ብለዋል፤ ቡናቸው አሁንም ጀንፈል መሆኑን እግረ መንገድህን ጻፍልኝ ብለውኛል።

የተማረውን ለጓደኛው የማይነግር ተማሪ ያልሽውን አፈላልጌያለሁ። አጋሮ የሚያስተምረው ወዳጄ ጀማለዲን ጋ ደወልኩ። የነሱ ልጆች አምስቱንም ደረጃ ከዘመዶቻቸው ሰምተው ጨርሰዋል፤ ለሱም አስረድተውታል። ኮሳ ያለውን ትምህርት ቤትም ጠየቅሁ፤ የማቲዎስ እህት እዚያ ናት። እዚህ መዘምራኑ እንኳ መዝሙር ከማጥናታቸው በፊት ዜማውን ይገምታሉ። ጥሩአየሁ ወጥ ስታቀርብ ጨዉን ገምት ትለኛለች። ልጄ፣ ነገር ደብቆ የሚማር ሰው በዚህ በኩል የለም። ኮሚቴው ሌላ አገር ይፈልግ።

እንደ ወትሮዬ ላስተምር ያልሽውንም ሞክሬዋለሁ። ያለፈው ቅዳሜ እንስራውን ወንበር ላይ አስቀምጬ ሳሉ አልኩ። ከየት በኩል አሉኝ። ወትሮዬ አብቅቷል።

ልማዳዊ መምህር ከጠፋ ግን ከራስሽ ደብዳቤ አንድ አግኝቼልሻለሁ። ሁለት ሰዓት ተናግሮ ሦስት የተነሳ እጅ የማያይ ሰው ኮሌጃችሁ ውስጥ አለ። ለዶክተር ወንድወሰን የንጽጽር ቡድኑን ስጪያቸው። ወንበርና እንስራ እኔ አውሳቸዋለሁ። ይህንን አንቀጽ አባሪ ውስጥ ማስገባት አለማስገባቱን ለድፍረትሽ ትቼዋለሁ።

እኔ በሰኔ ጡረታ እወጣለሁ። ከመስከረም ጀምሮ ግን የምትዪው ሞዴል ከሥሩ እንዲገባኝ ስለፈለግሁ፣ ያንቺ ክፍል ውስጥ በተማሪነት መዝግቢኝ። የኮሌጃችሁን ሬጅስትራር ቲጃኒን ጠይቄዋለሁ። ስቆ ሲያበቃ ሁለት ጉርድ ፎቶ አምጣ ብሎኛል። ተነስቻለሁ፤ ጥሩአየሁ ጥሩ ወጥተሃል ብላለች። ሽማግሌ ነው ብለሽ አታዳዪልኝ፤ ቅድመ ፈተናውንም እንደ ሰው እፈተናለሁ። ዓይኔ ደክሟልና ከፊት አስቀምጪኝ። የመጀመሪያው ቀን ብዙ አልጠይቅም፤ ሁለት ብቻ።

ተማሪሽ ታመነ